ከመሳቢያው ሥር መመልከት፦ የአርተር ኒገስ የሥራ ሕይወት



በዚህ የዓመት መጽሔት በየጊዜው አንድ ሰው ከነሥራው መርጠን ለጥናት እናቀርባለን። እስካሁን ሐኪሞችን፣ መሐንዲሶችን፣ ደራስያንንና ሯጮችን አይተናል። ዘንድሮ የመረጥናቸው ሰው ሙያ ግን ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። የአሮጌ ዕቃ ዐዋቂ ነበሩ። ወንበር ገልብጠው፣ መሳቢያ አውጥተው፣ ከሥሩ አጎንብሰው ካዩ በኋላ ዕቃው መቼ እንደተሠራ፣ በምን መሣሪያ እንደተሠራና የትኛው ክፍሉ ኋላ እንደተቀየረ ይናገሩ ነበር። በዚህ ሙያ ከአርባ ዓመት በላይ ከሠሩ በኋላ፣ ሌላው ሰው ጡረታ በሚያስብበት በ62 ዓመታቸው፣ በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን የታወቁ ሰው ሆኑ። ስማቸው አርተር ኒገስ ነው። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፣ ለብቻው ካልጠቀስነው በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ስማቸው አንድ ነገር እንበልና እንለፍ፤ ካልነገርናችሁ መጠየቃችሁ አይቀርምና። የቤተሰባቸው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ፣ የውጭ አገር ጸሐፊዎች የእኛን «ንጉሥ» ከሚጽፉበት አጻጻፍ ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነው። ዝምድና ግን የላቸውም። ስሙ የቆየ የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ሲሆን፣ በወይን ጠጅና በሙቅ ውኃ የሚዘጋጅ አንድ የእንግሊዞች መጠጥም በ18ኛው መቶ ዘመን ከኖሩ ኮሎኔል ኒገስ ከሚባሉ ሰው ስሙን አግኝቷል። የእኛ ባለታሪክ የአናጺ ልጅ ናቸው።

አርተር ኒገስ የተወለዱት በ1903 ከለንደን በስተምዕራብ በምትገኘው በሬዲንግ ከተማ ነው። አባታቸው የቤት ዕቃ የሚሠሩ አናጺ ነበሩ። አባት ሲሞቱ ልጅየው ገና በ17 ዓመታቸው የቤተሰቡን ሱቅ ተረከቡ። አንዳንዶቻችሁ እዚህ ላይ ስትደርሱ «እንግዲያው ትምህርት አቋርጦም ይቻላል» ብላችሁ ለወላጆቻችሁ ልትነግሩ እንደምትችሉ እናውቃለን። ነገሩ እንዲያ አይደለም። አባት ሲሞት ሱቅ መረከብ ምርጫ ሳይሆን ዕዳ ነው። ደግሞም በሱቅ ውስጥ የሚሰጠው ፈተና ከእኛ ፈተና የከበደ ነው፤ በአሮጌ ዕቃ ንግድ ሐሰተኛውን እውነተኛ ነው ብሎ የገዛ ሰው ስህተቱን የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው። ሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ባለው ፈተና ተፈትነዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1946 በግሎስተር ከተማ ብሩተን ኖውልስ በሚባል የሐራጅ ድርጅት ገቡ። ከዚህ በኋላ ያለው ዘመናቸው በውጭ ሲያዩት ታሪክ የሌለው ይመስላል። አንድ የቆየ ቤተሰብ ባለቤቱ ሲሞት ወይም ገንዘብ ሲያጥረው የቤቱን ዕቃ ለሐራጅ ያቀርባል። የሐራጁ ቤት ሰው ከምድር ቤቱ እስከ ጣሪያው ሥር ድረስ እየዞረ ዕቃውን አንድ በአንድ ይመዘግባል፤ ምን እንደሆነ፣ የየትኛው ዘመን እንደሆነ፣ ስንት ሊያወጣ እንደሚችል ይጽፋል። ኒገስ ይህንን ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ሲሠሩ በእጃቸው ያላለፈ ዓይነት የቤት ዕቃ የለም ማለት ይቻላል። ኋላ በቴሌቪዥን ላይ በደቂቃ ውስጥ የሚሰጡት መልስ የተጠራቀመው በእነዚህ ማንም ባላያቸው ዓመታት ነው።

ለዚህ ጥናት ዋና ስለሆነ አንድ ልዩነት እዚህ ላይ ልብ በሉ። ነጋዴ ለራሱ ይገዛል፤ ስለዚህ ዕቃው በርካሽ ቢገኝለት ይጠቀማል። የሐራጅ ቤት ግን ለሻጩ ይሸጥና ከዋጋው ኮሚሽን ይወስዳል፤ ዕቃው በተወደደ መጠን ሁለቱም ይጠቀማሉ። አንድ ሰው የአያቱን ዕቃ ይዞ መጥቶ «ይህ ስንት ያወጣል?» ሲል፣ መልሱን የሚሰጠው ሰው በየትኛው ወገን እንደቆመ ማወቅ አለበት። ወደዚህ ጉዳይ እንመለስበታለን።

በ1965 ቢ.ቢ.ሲ. አንድ አዲስ ፕሮግራም ጀመረ። እንግሊዞች አንድ ዕቃ ከዋጋው በታች በጣም ረክሶ ሲሸጥ «በዘፈን ሄደ» ይላሉ፤ የፕሮግራሙም ስም ከዚሁ አባባል የተወሰደ ነበር። አዘጋጁ ማክስ ሮበርትሰን ነበሩ። ጥንታዊ ዕቃዎች ይቀርባሉ፤ እንግዶች ምን እንደሆኑና ስንት እንደሚያወጡ ይገምታሉ፤ በመጨረሻም ዐዋቂው እውነተኛውን ይናገራሉ። ዐዋቂው አርተር ኒገስ ነበሩ። አነጋገራቸው እንደ ፕሮፌሰር አልነበረም፤ እንደ ጎረቤት ይናገሩ ነበር። ዕቃውን ሲያስረዱ እንጨቱን በመዳፋቸው ይዳስሱት ስለነበር ይህ ልማዳቸው መታወቂያቸው ሆነ። ተመልካቹ እንደ ቲያትር ወደደው፤ ለእሳቸው ግን የሥራው አካል ነበር። በእጅ መላጊያ የተላገ እንጨት ለዓይን ለጥ ያለ ቢመስልም ጣት ሲነካው ቀስ ያለ ማዕበል አለው፤ በማሽን የተላገው ግን የለውም።

ፕሮግራሙ እስከ 1977 ዘለቀ። በዚያው ዓመት ደግሞ በሄረፎርድ ከተማ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ሌላ ቀረጻ ተደረገ። በዚህኛው ዕቃ የሚያመጣው ሕዝቡ ራሱ ነበር። ማንም ሰው ቤቱ ያለውን ዕቃ ይዞ ተሰልፎ፣ ያለ ክፍያ፣ ዐዋቂ ዘንድ ቀርቦ ያስመረምራል። ከተማ ከተማ የሚዞረው ይህ የጥንታዊ ዕቃ ፕሮግራም በ1979 መተላለፍ ጀመረ፤ ዛሬም አለ፤ ከ1997 ጀምሮ አሜሪካኖችም የራሳቸውን አዘጋጅተዋል። ኒገስ እስከ 1983 ድረስ ከአቅራቢዎቹ አንዱ ሆነው ሠሩ፤ በ1982 የመንግሥት ኒሻን ተሸለሙ፤ በ1985 በ82 ዓመታቸው ዐረፉ።

የሕይወት ታሪካቸው ይህን ያህል አጭር ነው። ረጅሙ ክፍል ከእሳቸው የምንማረው የአስተያየት ዘዴ ነው፤ ትምህርታችንም ከዚህ ይጀምራል።

አሮጌ ነው የተባለ አንድ ጠረጴዛ ከፊታችሁ አለ እንበል። ሁላችንም መጀመሪያ የምናየው ላይኛውን ገጽ ነው፤ ማታለል የሚፈልግ ሰውም የሚደክመው እዚያው ላይ ነው። የሙያው ሰዎች ግን ከሥር ይጀምራሉ። መሳቢያውን አውጥተው ይገለብጡታል። መሳቢያ ለዘመናት ሲጎተትና ሲገፋ የሚንሸራተትበት ጠርዝ ያልቃል፤ በጣም በሚነካው ቦታ ይበልጥ፣ ባልተነካው ያነሰ። በሁሉም ቦታ እኩል ያለቀ ከሆነ ያረጀው በእጅ ሳይሆን በሞረድ ሊሆን ይችላል። ነፋስ የሚያገኘው የእንጨቱ ፊት ይጠቁራል፤ የተሸፈነው ክፍል ነጣ እንዳለ ይቀራል። ማንም በማያየው በመሳቢያው ውስጠኛ ክፍል ቀለም ተቀብቶ ካገኛችሁ ጥያቄ አንሡ፤ የጥንቱ አናጺ ለማይታይ ቦታ ቀለምና ጊዜ አያባክንም ነበር። ታዲያ ማን ቀባው? ለምንስ ቀባው?

ቀጥሎ መጋጠሚያውን ይመለከታሉ። የመሳቢያው ፊትና ጎን የሚያያዙት እንደ ርግብ ጅራት ወደ ጫፉ ሰፋ ተደርገው በተቆረጡ ጥርሶች ነው። በእጅ የተቆረጡት ጥርሶች ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ፤ አንዱ ሰፋ ሌላው ጠበብ ይላል፤ አናጺው ያሰመረበት ጭረትም አንዳንዴ እንዳለ ይገኛል። ማሽን የቆረጠው ግን ሁሉም አንድ ነው። የመጋዝ ምልክትም ይናገራል። የእጅ መጋዝ ቀጥ ያለ ጭረት ሲተው ክብ መጋዝ ጎበጥ ያለ ቅስት ይተዋል፤ ክብ መጋዝ የተስፋፋው ደግሞ ከ19ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ነው። እንግዲህ የ1750 ነው በተባለ ጠረጴዛ ሥር ቅስት ካገኛችሁ፣ ወይ ያ ክፍል ተቀይሯል ወይ ጠረጴዛው ራሱ ዕድሜውን ዋሽቷል። የእንጨት ብሎንም እንዲሁ ነው፤ ጫፉ ሹል የሆነው ብሎን የተለመደው ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ጫፉ ድፍን ነው። ብሎን ግን ሊቀየር ይችላል፤ ስለዚህ በአንድ ምስክር ብቻ አይፈረድም።

በሒሳብ ክፍል እንድትሠሩበት የምንፈልገው ደግሞ ይህ ነው። እንጨት እየደረቀ ሲሄድ በቃጫው ርዝመት ከሞላ ጎደል አይቀንስም፤ በቃጫው ወርድ ግን ይቀንሳል። ስለዚህ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ፍጹም ክብ ሆኖ የተሠራ ጠረጴዛ ዛሬ ፍጹም ክብ አይደለም። በሜትር በቃጫው ርዝመትና በቃጫው ወርድ ብትለኩት ልዩነት ታገኛላችሁ፤ በትልቅ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ፍጹም ክብ የሆነ «ጥንታዊ» ጠረጴዛ ሊያጠራጥር ይገባል። ጂኦሜትሪ ምን ይጠቅማል የምትሉን ተማሪዎች ይህንን ያዙልን።

የነቀዝ ቀዳዳም ብዙ ሰው ያታልላል። ገዢው ቀዳዳ ሲያይ «በእርግጥ አሮጌ ነው» ይላል። ትሉ ግን ከላይ የሚታየውን ቀዳዳ የሚበሳው ሲወጣ ነው፤ ሲኖርና ሲበላ የሚሄደው በእንጨቱ ውስጥ ነው። በእንጨቱ ገጽ ላይ እንደ ቦይ ተከፍቶ የሚታይ የትል መንገድ ካገኛችሁ፣ ያ እንጨት ትል ከበላው በኋላ እንደገና የተሰነጠቀና የተላገ ነው። ማለትም አሮጌ እንጨት ወስዶ አዲስ ዕቃ የሠራ ሰው አለ። እንጨቱ እውነት ነው፤ ዕቃው ግን ሐሰት ነው። ይህች ልዩነት በጥንቃቄ ካሰባችኋት ከአናጺ ቤት ውጭም ታገለግላለች።

እነዚህን ነገሮች በመጽሐፍ ከማንበብ በዓይን ማየት ይሻላል። በዚህ በናይሮቢ በንጎንግ መንገድ ዳር የሚሠሩትን አናጺዎች ያላየ ተማሪ የለንም። በሚቀጥለው ጊዜ ስታልፉ ቆም ብላችሁ መሳቢያ እንዴት እንደሚያገጣጥሙ ተመልከቱ፤ በትሕትና ከጠየቃችኋቸው የሚያስረዷችሁ ይመስለናል። ዛሬ ትኩስ የሆነውን መጋጠሚያ ያወቀ ሰው ነው አሮጌውን የሚያነበው። ኒገስም ዕቃን የሚያነቡት ያደጉት በአናጺ ቤት ስለነበር ነው።

እንጨቱ ራሱ ደግሞ የታሪክና የጂኦግራፊ ትምህርት ነው። በእንግሊዝ የተከበረ የቤት ዕቃ እስከ 18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በብዛት የሚሠራው ከዎልነት እንጨት ነበር። በ1721 የእንግሊዝ ፓርላማ ከቅኝ ግዛቶቹ በሚመጣ እንጨት ላይ የነበረውን ቀረጥ አነሣ፤ ከዚያ በኋላ የካሪቢያን ማሆጋኒ እየጎረፈ ገባ። ቶማስ ቺፐንዴል የተባለው ስመ ጥር አናጺ በ1754 የወንበርና የጠረጴዛ ንድፎች ያሉበት መጽሐፍ ሲያሳትም ሌሎች አናጺዎች ንድፉን እያዩ ሠሩ። «ቺፐንዴል» የሚባል ወንበር ሁሉ ከእሱ እጅ አልወጣም የሚባለውም ለዚህ ነው። ያንን ማሆጋኒ በካሪቢያን ደኖች የቆረጡትና የጎተቱት ግን በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ። የቴሌቪዥን ፕሮግራሞቹ ለአናጺው ስም ብዙ ጊዜ ሲሰጡ ለእንጨት ቆራጩ እምብዛም አልሰጡም። እኛ በምሥራቅ አፍሪካ የምንማር ሰዎች ግን ይህን ማለፍ አንችልም።

ስለ ዋጋ እንነጋገር፤ ተመልካቹ በጉጉት የሚጠብቀው ያንን ነውና። እውነት ለመናገር ዋጋ የዚህ ሁሉ ትምህርት ደካማው ክፍል ነው። ኒገስ በሕይወታቸው ያደነቁት ዓይነት ጥቁር ቡናማ የማሆጋኒ ዕቃ ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ዋጋው በጣም ወርዷል፤ ሰዎች በትናንሽ ቤቶች ስለሚኖሩና ቀለል ያለ ዕቃ ስለሚወዱ ከባዱን ቁምሣጥን የሚፈልገው ጥቂት ነው። ታዲያ ያኔ የሰጡት ግምት ዛሬ አይሠራም። ስለ መጋጠሚያው፣ ስለ መጋዙ ምልክት፣ ስለተቀየረው እግር የተናገሩት ግን ዛሬም ልክ ነው።

ከኒገስ ጋር በዚሁ ተዘዋዋሪ ፕሮግራም ላይ የሠሩ አንድ ሰው ደግሞ እኛን መምህራንን በተለይ ያስደስቱናል። ሄንሪ ሳንደን ይባላሉ። በ1928 ተወለዱ፤ የተማሩት ሙዚቃ ነበር። በ1953 ወደ ዉስተር ከተማ የሄዱትም በካቴድራሉ መዘምራን ውስጥ ለመዘመር ነው፤ በትምህርት ቤትም ሙዚቃ ያስተምሩ ነበር። በመኖሪያ ቤታቸው አትክልት ቦታ ሲቆፍሩ የሮማውያን ዘመን የሸክላ ዕቃ አገኙ። ከዚያች ቀን ወዲህ ሸክላ ሸክላ ይሉ ጀመር፤ በመጨረሻም በከተማው የታወቀው የሸክላ ፋብሪካ ሙዚየም ኃላፊ ሆኑ። በ1990 በኖርዝሃምተን ከተማ በተደረገ ቀረጻ አንድ ባለቤት በጉጉት ቅርጽ የተሠራ የሸክላ ማሰሮ ይዞ ቀረበ። ሳንደን ሲያዩት ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ገደማ በስታፎርድሺር አካባቢ የተሠራ ነበርና 20,000 ፓውንድ ያህል ገመቱት። ጉጉቱ ዛሬ በዚያው በሸክላ ሠሪዎቹ አገር በስቶክ ኦን ትሬንት ከተማ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ሳንደን በ2023 በ95 ዓመታቸው ዐረፉ። የሙዚቃ መምህር ሆነው ቢቀሩም ክብራቸው አይጎድልም ነበር፤ ነገር ግን አካፋው የነካውን ስባሪ ሸክላ አጎንብሰው አነሡት።

አሁን ቀደም ብለን ወዳቆየነው ጉዳይ እንመለስ። ዕቃ የሚያመጣው ሰው አያውቅም፤ ለዚህ ነው የሚመጣው። የሚያውቀው ሰው ካላመነ ምንም መንገድ የለውም። በአሜሪካኑ ፕሮግራም ላይ ይቀርቡ የነበሩ ሁለት የጦር ዕቃ ገማቾች ይህንን እምነት ሸጡት። በቴሌቪዥን መታየታቸውን ተጠቅመው፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መኮንኖች ዘሮች ከሆኑ ቤተሰቦች ጎራዴና ልብስ በዝቅተኛ ግምት ገዝተው በብዙ እጥፍ ሸጡ። አንድ የቀረጻ ትዕይንታቸውም አስቀድሞ የተቀነባበረ ሆኖ ተገኘ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ሆኑ። ዕውቀታቸው ጉድለት አልነበረውም፤ ዕቃዎቹን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ገማቹም ገዢውም አንድ ሰው ሲሆን ግን ዕውቀቱ የሚሠራው ለማን ነው? ኒገስን ሕዝቡ ያመናቸው በካሜራው ፊት ምንም ስላልገዙ ጭምር ይመስለናል።

የእነዚህ ፕሮግራሞች ገማቾች ለባለ ዕቃው ሁልጊዜ የሚያቀርቡት ጥያቄ አለ፤ «ይህ ወደ እጅዎ እንዴት መጣ?» የሚል። በብዛት መልሱ «ከአያቴ» ነው፤ ንግግሩም ወደ ዋጋ ያልፋል። ለእኛ ግን ይህ ጥያቄ የሁሉ በላይ ነው፤ ምክንያቱን የታሪክ ተማሪዎቻችን ያውቁታል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1868 መቅደላ ላይ ከወደቁ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከምሽጉና ከቤተ ክርስቲያኑ የወሰደውን ዘረፋ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ አወረደው። እዚያም ለሁለት ቀን ሐራጅ ተደረገ። ከጦሩ ጋር የተላከው የብሪቲሽ ሙዚየም ባለሙያ ሪቻርድ ሆምስም ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። የተገኘው 5,000 ፓውንድ ገደማ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ዘረፋ በሐራጅ መዶሻ ሲመታ «ግዢ» የሚባል ሰነድ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ «ከአያቴ» ለማለት ይበቃል።

ከዚያ ከ153 ዓመት በኋላ በ2021 በእንግሊዝ ዶርሴት አውራጃ በአንድ የሐራጅ ቤት ከመቅደላ የመጡ በቆዳ የተለበደ የሃይማኖት መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች ለሽያጭ ቀረቡ። በለንደን የሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ጥያቄ አቀረበ፤ ዕቃዎቹ ከሐራጁ ወጡ፤ በዚያው ዓመትም ከሌሎች የመቅደላ ቅርሶች ጋር ወደ አገራቸው ተመለሱ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ የዕቃዎቹ ምንጭ በሽያጭ ዝርዝሩ ላይ ባይጻፍ ኖሮ ማንም ሊጠይቅ አይችልም ነበር። መነሻቸውን የጻፈው ሰው ዋጋቸውን ከፍ ለማድረግ ሊሆን ይችላል፤ የጻፈው መስመር ግን መለሳቸው።

ይህ ሁሉ ከእኛ ቤት ጋር ምን ያገናኘዋል? በቅርቡ ከማኅበረሰባችን አንድ ቤተሰብ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር የአያትየዋን የብር ጌጥ ሸጠ። ገዢው አላታለላቸውም፤ በግራም መዝኖ የዕለቱን የብር ዋጋ ከፈለ፤ ጌጡም ቀለጠ። ከልጆቹ አንዷ ተማሪያችን ናት። ስለ ቤተሰብ ታሪክ የቤት ሥራ ስንሰጥ ያመጣችው ፎቶግራፍ ነው። በፎቶግራፉ ላይ አያቷ ጌጡን በአንገታቸው አጥልቀውታል። የት ተሠራ? ማን ሠራው? ከኋላው የተቀረጸ ነገር ነበረበት? እያልን ጠየቅናት። ከኋላው ገልብጦ ያየው ሰው የለም።

የብር ጌጥ ካነሣን አይቀር፣ በአገራችን ብዙ መስቀልና የአንገት ጌጥ የተሠራው ማርያ ቴሬዛ ወይም ጠገራ ብር የምንለውን ገንዘብ በማቅለጥ ነው። አንዳንዱም ጌጥ ገንዘቡን እንዳለ ያንጠለጥላል። በሁሉም ጠገራ ብር ላይ 1780 የሚል ዓመት ታገኛላችሁ፤ ንግሥቲቱ የሞቱበት ዓመት ነው። ይሁን እንጂ ገንዘቡ በዚያው ዓመተ ምሕረት እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ ሲቀረጽ ኖሯል። ስለዚህ ያንጠለጠለው ጌጥ በ1780 ተሠራ ማለት አይደለም። በዕቃ ላይ የተጻፈ ቁጥር አንድ ምስክር ነው፤ እንደ ብሎኑ።

ለዕረፍት ጊዜያችሁ የምንሰጣችሁ ሥራ ይህ ነው። ከቤታችሁ አንድ የቆየ ዕቃ ምረጡ፤ መሶብ፣ ጀበና፣ በርጩማ፣ ጥልፍ፣ ሙዳይ፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ ምንም ቢሆን። ውድ መሆን የለበትም። መጀመሪያ ከወላጆቻችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ገልብጣችሁ እዩት፤ ከሥሩ፣ ከኋላው፣ ከውስጡ። ያለቀበትን ቦታ ፈልጉና ለምን እዚያ ጋር እንዳለቀ አስቡ፤ የጀበና እጀታ፣ የበርጩማ ጠርዝ፣ የመጽሐፍ የታችኛው ጥግ ብዙ የተነካበትን ይናገራል። የተጠገነ ክፍል ካለ በምን እንደተጠገነ ጻፉ። ለኩት፤ ሥሉት፤ ከሁሉም ጎን ፎቶግራፍ አንሡት፤ ፎቶግራፉን ግን በማኅበራዊ መገናኛ እንዳትለጥፉት፤ የትኛው ቤት ምን እንዳለው ሌባም ያነባል።

ቀጥሎ በቤት ካሉት በዕድሜ ትልቁን ሰው ጠይቁ። አያቶቻችሁ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ወይም ደሴ ከሆኑ በስልክ ደውሉላቸው፤ እንደምታደርጉት ለሁለት ደቂቃ ሳይሆን ጊዜ ሰጥታችሁ። ማን ሠራው፣ ከማን ተገኘ፣ ማን ተጠቀመበት፣ እንዴት ወደ ናይሮቢ መጣ? መልሳቸውን በራሳቸው አባባል ጻፉት፤ አታሳምሩት። ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር ቢነግሯችሁ ሁለቱንም ከነስማቸው ጻፉ። «ስንት ያወጣል?» የሚለውን ጥያቄ መጨረሻ ላይ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ በዚህ ሥራ ላይ ግን ነጥብ የለውም።

ጥቂት ማስጠንቀቂያዎችም አሉን። አሮጌ ብር በመወልወያ አትፈትጉ፤ ቀረጻው አብሮ ይሄዳል። ብራና በውኃ አትንኩ፤ በእስክሪብቶም ምንም አትጻፉበት። የተሰበረውን በኮላ አታጣብቁ። ለዕረፍት ወደ ኢትዮጵያ የምትሄዱ ቤተሰቦችም አስታውሱ፤ በ1992 ዓ.ም. (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው፤ ዘመድ በስጦታ ቢሰጣችሁም እንኳ።

ሥራው ከአራት ገጽ አይበልጥ። ከ5ኛ ክፍል በታች ያላችሁ በሥዕልና በአንድ ገጽ ጽሑፍ ብቻ መሥራት ትችላላችሁ። ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ለታሪክ መምህራችሁ ታስረክባላችሁ፤ ወላጆች የፈቀዱትን ሥራዎች በቤተ መጻሕፍታችን በአንድ መዝገብ ጠርዘን እናስቀምጣለን። ዕቃውን ራሱን ግን ወደ ትምህርት ቤት አታምጡት፤ አውቶቡሱ ላይ ይሰበራል።